የታመመ ወይም የሞተ ጭላዳ፣ ዝንጀሮ ወይም ጦጣ ሲያጋጥም፦ ለወሎ ገበሬዎች፣ እረኞች፣ የጥበቃ ሠራተኞችና አስጎብኚዎች

ከመንጋው ተለይቶ በገደል አፋፍ ብቻውን የተቀመጠ፣ ሰው ሲቀርበው የማይሸሽ ጭላዳ ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለት ነገሮች አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ምን እንደሆነ ለማየት ይጠጋዋል፣ ወይ በድንጋይ ያባርረዋል። ይህ ጽሑፍ ሦስተኛውን መንገድ ለማሳየት የተዘጋጀ ነው፤ እርሱም ርቀትን ጠብቆ በደንብ ማየት፣ ያዩትን መጻፍና ለሚመለከተው አካል ሳይዘገዩ መናገር ነው። አንድ የዱር እንስሳ የታመመው በቫይረስ መሆኑን ያለ ላቦራቶሪ ምርመራ ማንም በዓይኑ አይቶ ሊያረጋግጥ አይችልም። ላቦራቶሪው ግን ከገደሉ ሥር የለም፤ እዚያ ያሉት እረኛው፣ ገበሬውና የፓርኩ ጥበቃ ሠራተኛ (ስካውት) ናቸው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ በእነርሱ ላይ ይወድቃል።

ወሎ ውስጥ እንደየአየር ጠባዩ የሚገጥመው እንስሳ ይለያያል። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ፣ ቀድሞ ደንቆሮ ጫካ ይባል በነበረው በቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክና በሌሎች የደጋ ገደሎች የሚኖረው ጭላዳ ነው፤ ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር አይገኝም። ዝቅ ሲባል በደን፣ በወንዝ ዳርና በማሳ አጠገብ ጦጣ፣ ጉሬዛና ተራው ዝንጀሮ አሉ፤ ወደ አፋር በሚያዘነብለው ቆላ ደግሞ ወንዱ ግራጫ ጎፈር የለበሰ ሌላ የዝንጀሮ ዓይነት ይገኛል። አንዱን የሚገድል ቫይረስ ሌላውን ምንም ላያደርገው ስለሚችል፣ «ዝንጀሮ ታመመ» ብሎ ብቻ መናገር አይበቃም፤ የትኛው እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

ጤነኛውን ማወቅ

በሽተኛውን ለመለየት አስቀድሞ ጤነኛው እንዴት እንደሚውል ማወቅ ግድ ነው። የጭላዳ ውሎ ሥርዓት አለው፤ ሌሊቱን ገደል ላይ ያድራል፣ ፀሐይ ስትወጣ ወደ ሜዳው ይወጣል፣ ጥቂት ጊዜ ፀሐይ እየሞቀና እርስ በርሱ ፀጉሩን እየፈተሸ ይቆያል፣ ከዚያም ቁጭ ብሎ ሣሩን በጣቶቹ እየነጨ ሲበላ ይውልና ሲመሽ ወደ ገደሉ ይመለሳል። ለመቁጠር የሚመቸው ሰዓት ጠዋት ከገደል ሲወጡ ነው፤ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ቢሆን ስንት እንደወጡና ስንት ግልገል በእናቱ ጀርባ ወይም ሆድ ላይ እንዳለ በደብተር የሚመዘግብ ሰው፣ መንጋው ሲጎድል ከማንም በፊት ያውቃል። ይህን ሥራ ለአንድ እረኛ ከመስጠት ለሁለት መስጠት ይሻላል፤ አንዱ ለገበያ ወይም ለለቅሶ ሲሄድ መዝገቡ አይቋረጥም።

በሽታ የሚመስሉ፣ ግን የቫይረስ በሽታ ያልሆኑ ነገሮች አሉና እነርሱን መለየት ከከንቱ ድንጋጤ ያድናል። የሞተ ግልገሏን ተሸክማ የምትዞር እናት ማየት አዲስ ነገር አይደለም፤ ከወሎ በስተደቡብ በመንዝ ጓሳ የጭላዳን ኑሮ የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ ሬሳው እስኪደርቅ ድረስ 48 ቀን ያህል የተሸከመች እናት መዝግበዋል። እንዲሁም አዲስ ወንድ የቀድሞውን አባወራ አሸንፎ ቤተሰቡን ሲወርስ ግልገሎቹን ሊገድል ይችላል፤ ስለዚህ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ብቻ ሁለት ሦስት ግልገል ቢጠፋ፣ ከበሽታ በፊት «አባወራው ተቀይሯል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከሁሉም በላይ ሰውን የሚያሳስተው በጭላዳ ገላ ላይ የሚወጣው ትልቅ እብጠት ነው። በሆድ፣ በጀርባ ወይም በጭን ላይ ውሃ እንደቋጠረ ከረጢት ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ሲያዩት ያስፈራል፣ «ዝንጀሮው ዕጢ አወጣ» ተብሎም ይወራል። መንስኤው ግን ቫይረስ ሳይሆን የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ጥገኛ ትል ነው። ትሉ አድጎ የሚኖረው በውሻና በመሰል እንስሳት አንጀት ውስጥ ነው፤ እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ሣር ላይ ይወድቃል፣ ጭላዳው ሣሩን ሲግጥ ይውጠዋል፣ ከዚያም በገላው ውስጥ እብጠቱ ይፈጠራል። ውሻው እንዲህ ያለውን ሬሳ ሲበላ ደግሞ ዑደቱ እንደገና ይጀምራል። ይህን እዚህ ያነሣሁት ነገሩ ከቫይረስ ስለሚለይ ብቻ ሳይሆን፣ በደጋው ውስጥ በሰፈርና በገደል መካከል በሽታ የሚያመላልሰው ድልድይ ውሻ መሆኑን ስለሚያሳይ ነው፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

የሚያጠራጥሩ ምልክቶች

የሚከተሉት ነገሮች ሲታዩ ነገሩን በቁም ነገር መያዝ ይገባል። ብዙ አባላት በተመሳሳይ ሳምንት ሲያስሉ፣ ሲያስነጥሱና ንፍጣቸው ሲወርድ፤ እንስሳው እጅና እግሩ ሲዝል፣ ሲንገዳገድ ወይም ከፊል ገላውን መጎተት ሲጀምር፤ አፉ ተከፍቶ ምራቁ ሲዝረበረብና መዋጥ ሲያቅተው፤ ሰውን፣ ከብትን ወይም የገዛ መንጋውን ያለ ምክንያት ሲያጠቃ፣ ወይም በተቃራኒው የሰው ፍርሃቱ ፈጽሞ ሲጠፋ፤ በፊት፣ በመዳፍና በአፍ ዙሪያ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ሲታይ፤ ከአፍንጫ ወይም ከፊንጢጣ ደም ሲፈስ፤ በመጨረሻም በጥቂት ቀናት ውስጥ በአንድ አካባቢ ከአንድ በላይ ሬሳ ሲገኝ። ቱሪስት የለመደ የጭላዳ መንጋ ሰውን የማይሸሽ መሆኑ ብቻውን ምልክት አይደለም፤ ምልክት የሚሆነው የትናንቱ ጠባይ ዛሬ ሲለወጥ ነው።

በአንድ ማሳ ዙሪያ ብዙ ዝንጀሮ በአንድ ቀን ሞቶ ሲገኝ፣ ከቫይረስ ይልቅ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት መርዝ ነው። ማሽላውን ወይም በቆሎውን ከማማ ላይ ሲጠብቅ የከረመ ገበሬ ምሬቱ የሚገባ ቢሆንም፣ በተባይ ማጥፊያ ኬሚካል የተለወሰ ማጥመጃ ውሻን፣ ጥንብ አንሣንና ሕፃንን ጭምር ይገድላል፤ ተደርጎም ከሆነ ለመጣው ባለሙያ እውነቱን መናገር ይሻላል። ሳይነገረው የቀረ ባለሙያ የሌለ ወረርሽኝ ፍለጋ ጊዜውን ያጠፋል።

የትኞቹ ቫይረሶች?

በወሎ ሁኔታ እኔ በቅድሚያ የምጠረጥረው የእብድ ውሻ በሽታን ነው። ስሙ ውሻን ቢጠራም ቫይረሱ ማንኛውንም አጥቢ እንስሳ ይይዛል፤ የተለከፈ ውሻ የነከሰው ጦጣ ወይም ዝንጀሮ ታሞ ሰውን ሊነክስ ይችላል። በኢትዮጵያ የበሽታው ዋና ምንጭ ውሻ በመሆኑ፣ በአካባቢው በቅርቡ ያበደ ውሻ ታይቶ እንደነበር መጠየቅ የምርመራው ግማሽ ነው።

ሁለተኛው ከእኛ ወደ እነርሱ የሚሄደው ነው፤ ይህንንም ሰዎች ለመቀበል ይቸገራሉ። ለሰው ተራ ጉንፋን የሆነ ቫይረስ ለዱር ዘመዶቻችን ገዳይ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1966 በታንዛኒያ ጎምቤ የሚኖሩ ቺምፓንዚዎች ፖሊዮ በሚመስል በሽታ አካላቸው ሰልሎ ሞተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 በኡጋንዳ ኪባሌ ደን ጉንፋን ከሚያመጡት ቫይረሶች አንዱ ወደ ቺምፓንዚ መንጋ ገብቶ አምስቱን ገድሏል፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ደግሞ በአሜሪካ ሳንዲያጎ የሚገኙ ጎሪላዎች ኮሮና እንደያዛቸው በምርመራ ተረጋግጧል። ኩፍኝም እንዲሁ ከሰው ወደ እነርሱ የሚሻገር ነው።

ቢጫ ወባ የትንኝ በሽታ ስለሆነ ለደጋው ብዙ አያሰጋም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የደረሰው ወረርሽኝ 100,000 ያህል ሰው እንደያዘና 30,000 ያህል እንደገደለ ይገመታል። በደቡብ አሜሪካ ደኖች ጦጣዎች በብዛት ሲሞቱ ሰዎች ወረርሽኙ መቃረቡን ያውቃሉ፤ የአፍሪካ ጦጣዎች ግን ከቫይረሱ ጋር ረጅም ዘመን ስለኖሩ ብዙውን ጊዜ ሳይታመሙ ይሸከሙታል። ስለዚህ በቆላው ጦጣው ጤነኛ መምሰሉ ቢጫ ወባ የለም ማለት አይደለም።

ስለ «ዝንጀሮ ፈንጣጣ» ደግሞ ስሙ ያመጣውን ጣጣ ማንሣት ያስፈልጋል። ይህ ስም የተሰጠው ቫይረሱ እ.ኤ.አ. በ1958 በዴንማርክ ኮፐንሃገን ላቦራቶሪ ውስጥ በነበሩ ጦጣዎች ላይ በመጀመሪያ ስለታየ እንጂ ዝንጀሮ የበሽታው ባለቤት ስለሆነ አይደለም፤ በተፈጥሮ ይሸከሙታል ተብለው በዋናነት የሚጠረጠሩት እንደ ሽኮኮና አይጥ ያሉ ትናንሽ እንስሳት ናቸው። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር በሞያሌ በሽታው ሲረጋገጥ ስሙን የሰማ ሁሉ ወደ ገደሉ ቢያይ አያስደንቅም፤ በብራዚል እ.ኤ.አ. በ2022 ሰዎች በዚሁ ስም ምክንያት ጦጣዎችን መግደላቸውና መመረዛቸው የታወቀ ነው።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰለው ጥያቄ «ጦጣ ኤድስ ያስይዛል ወይ?» የሚለው ነው። የሀገራችን ጦጣዎች የራሳቸው የሆነ የኤች አይ ቪ የሩቅ ዘመድ ቫይረስ ይሸከማሉ፣ ነገር ግን እነርሱን አያሳምምም። በሰው ላይ የተሰራጨው ኤች አይ ቪ አንድ የመጣው ከመካከለኛው አፍሪካ ቺምፓንዚዎች፣ ኤች አይ ቪ ሁለት ደግሞ ከምዕራብ አፍሪካ ከሚኖር ሌላ የጦጣ ዓይነት ነው። ጦጣ በጓሮ አለፈች ብሎ የሚሰጋ ሰው ካለ በዚህ በኩል ይረጋጋ።

ሬሳ ሲገኝ

ሬሳው ትኩስ ቢሆንም ባይሆንም አይንኩት፣ በእንጨትም አያገላብጡት፣ ለጎፈሩ ወይም ለቆዳው ብለው ፈጽሞ አይግፈፉት። ከሕያው እንስሳ ይልቅ የበለጠ አደጋ ያለው ደምና የሆድ ዕቃ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን ማርበርግና ፍራንክፈርት፣ እንዲሁም በቤልግሬድ ከኡጋንዳ ከተጫኑ ጦጣዎች በተነሣ ቫይረስ 31 ሰዎች ታመው 7ቱ ሞተዋል፤ በቅድሚያ የተያዙት የእንስሳቱን ደምና የውስጥ አካል የነኩ ሠራተኞች ነበሩ፤ ሌሎቹ ደግሞ ከታመሙት ሰዎች ያዛቸው። የማርበርግ በሽታ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ በኮትዲቯር ታይ ደን የሞተ ቺምፓንዚ ከፍታ የመረመረች ባለሙያ በኢቦላ ተይዛ፣ ደግነቱ ድናለች። እነዚህ የተማሩና ጓንት የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ በባዶ እጁ ቢላዋ ይዞ የሚቀርብ ሰው ምን ያህል እንደተጋለጠ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ይልቁንም ቢያንስ 10 ሜትር ርቀው፣ ነፋሱ ከእርስዎ ወደ ሬሳው በሚነፍስበት በኩል ይቁሙ። የስልክዎን የቦታ መጠቆሚያ ከፍተው አንድ ፎቶ አካባቢውን በሙሉ፣ አንድ ፎቶ ደግሞ በማጉያው አቅርበው ሬሳውን ያንሡ። ልጆችን ያርቁ፤ ውሾችን በገመድ ያሥሩ። በቅርብ ባለሙያ ይመጣል ከተባለ ጅብና ውሻ ሬሳውን እንዳይወስዱት በርቀት የሚጠብቅ ሰው ማቆም ጠቃሚ ነው፤ ጨለማ ሲጀምር ግን ሬሳው ቢበላም ሰው ጅብ ፊት አይቁም። ናሙና መውሰድ፣ የሬሳውን ጭንቅላት ቆርጦ መላክና መቅበር የእንስሳት ሐኪሙ ሥራ ነው። በቆላ ሙቀት ሬሳ በአንድ ቀን ውስጥ ለምርመራ እስከማይመች ድረስ ሊበላሽ ስለሚችል፣ ፍጥነት የሚያስፈልገው ስልኩ ላይ እንጂ ሬሳው ላይ አይደለም።

ሪፖርቱ

አንድ ጊዜ የደረሰኝ መልእክት «ዝንጀሮ ሞቷል፣ ገደሉ ጋ» ብቻ ይል ነበር፤ ወሎ ውስጥ ስንት ገደል እንዳለ ለሚያውቅ ሰው ይህ ሪፖርት ምን ያህል እንደሚጠቅም መናገር አያስፈልግም። ጥሩ ሪፖርት ቀኑንና ሰዓቱን፣ ቀበሌውንና የቦታውን የሰፈር ስም፣ የእንስሳውን ዓይነት፣ ወንድ፣ ሴት ወይም ግልገል መሆኑን፣ ስንት የታመመና ስንት የሞተ እንዳለ፣ ምልክቱን በራስዎ ቃል፣ ሬሳውን የነካ ሰው ወይም የበላ ውሻ መኖሩን፣ እንዲሁም በአካባቢው ያበደ ውሻ ወይም ትኩሳት ያለበት ሰው መኖሩን ይይዛል። «በቫይረስ ሞተ» ብለው አይጻፉ፤ «ምራቁ ይዝረበረብ ነበር፣ የኋላ እግሩን ይጎትት ነበር» ብለው ይጻፉ።

በፓርክ ወይም በማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ውስጥ ከሆነ መጀመሪያ የሚነገረው ለስካውቱ ነው፤ ከዚያ ውጭ ከሆነ ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ወይም ለወረዳው የእንስሳት ጤና ክፍል ይነገራል። ናሙና ካስፈለገ በአካባቢው ያለው የኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ነው፤ ከዚያ የሚያልፈው ወደ ሰበታው ብሔራዊ ተቋም ይሄዳል። ሰው ተነክሶ፣ ተቧጥሮ ወይም ሬሳ ነክቶ ከሆነ ግን የእንስሳት ሐኪም እስኪመጣ ሳይጠበቅ በቀጥታ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት 8335 ነፃ የስልክ መስመርም አለ።

ንክሻና ጭረት

ዝንጀሮ እሾህ ወግቷት «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች ይባላል፤ በንክሻም ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። የመጀመሪያው ነገር ቁስሉን በብዙ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ ነው፤ ሳሙና ከጠፋ ውሃው ብቻ ቢሆንም ይታጠብ። ቡና፣ አመድ ወይም በርበሬ አይነስንሱበት፤ አጥብቀው አይሰሩት። ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፣ የነከሰው እንስሳ ምን እንደነበረና ጠባዩ እንዴት እንደነበር ይናገሩ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከጀመረ በኋላ አያድንም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ግን በተወሰኑ ቀናት የሚሰጠው ተከታታይ ክትባት ይከላከለዋል። ጸበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ ዱዓ የሚያስደርግ ያስደርግ፤ ሁለቱም ከክትባቱ ጋር አይጋጩም፤ ክትባቱ ይቆይ ማለት ግን አይገባም። ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ መተውም፣ ከሦስተኛው መርፌ በኋላ «ተሽሎኛል» ብሎ ማቋረጥም የተለመዱ ስሕተቶች ናቸው።

የነከሰውን እንስሳ አሳድዶ መግደል አይመከርም። በሕግ ከመከልከሉም በላይ ሲያሳድዱ ሌላ ሰው ይነከሳል፣ ቀሪው መንጋም ተበትኖ በሽታውን ወደ ሌላ ገደል ይወስደዋል።

አስጎብኚና እንግዳ

ይህ ክፍል አጭር ነው፤ አፈጻጸሙ ግን ከሌሎቹ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ገንዘብ የከፈለ እንግዳን «ዛሬ አይቻልም» ማለትን ይጠይቃል። የሚያስለው፣ ትኩሳት ያለው ወይም ተቅማጥ የያዘው ሰው፣ እንግዳም ይሁን አስጎብኚ፣ ወደ መንጋው አይሄድም። ከጭላዳ ጋር የሚኖረው ርቀት ከ10 ሜትር አያንስም፤ ጎሪላ በሚጎበኝባቸው ሀገሮች ጎብኚ ጭምብል ማድረጉ የተለመደ ሆኗል፣ እኛም ጋ ቢለመድ ጉዳት የለውም። ቆሎ፣ ዳቦ ወይም ሙዝ መወርወር ፈጽሞ ቀርቶ፣ ምግብ ከመኪናና ከቦርሳ ውጭ አይታይ፤ እጅ በእጅ የሚቀበል እንስሳ ነገ የሕፃን ምሳ ቀምቶ ይነክሳል፤ ለሆቴል ማሳመሪያ የምትታሠርም ጦጣ ከዚህ የተለየች አይደለችም። ንፍጥ የተጠረገበት ወረቀት ሣር ላይ አይጣል፤ ሽንት ቤት ከመንጋው መዋያ ርቆ ይሠራ።

ውሻው

ቀደም ብዬ እመለስበታለሁ ያልኩት የውሻ ጉዳይ ለወሎ ደጋ ከሁሉም የሚረክስና የሚያዋጣ መከላከያ ነው። በግ ጠባቂውን ውሻ በየዓመቱ የእብድ ውሻ ክትባት ማስከተብ፣ ሌሊት ማሠር፣ የእርድ ትርፍም ይሁን የዱር ሬሳ ጥሬውን እንዳይበላ መከልከልና የትል መድኃኒት መስጠት፣ ለጭላዳውም ለቀይ ቀበሮውም ለልጆችም በአንድ ጊዜ ይጠቅማል። ቀይ ቀበሮ በባሌ ተራሮች ላይ ከውሻ በተሻገረ የእብድ ውሻ በሽታ ተደጋግሞ እንዳለቀ የሚያስታውስ ሰው የአቡነ ዮሴፍንና የቦረና ሳይንትን ቀበሮዎች ነገር ሳያነሣ አያልፍም። ክትባቱ ወደ ቀበሌው ሲመጣ ከውሻው ጋር ያለ ገመድ የሚሄድ ሰው ወረፋውን ያበላሻልና፣ ጠዋት ከቤት ሲወጡ አሥረው ይውሰዱት።

ከሪፖርቱ በኋላ ሥራው አያልቅም። በመንጋው ላይ የታየው ነገር እስኪጣራ ድረስ ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ያህል በየጠዋቱ ከዚያው ቦታ ይቁጠሩ፤ ሬሳ የነካ ሰው ካለም በዚያው ጊዜ ውስጥ ትኩሳት ቢሰማው ሬሳ መንካቱን ለሐኪም ይንገር። ምንም ለውጥ ያልታየበት ቀንም «የወጡ 64፣ የታመመ የለም» ተብሎ ከነቀኑ ይጻፍ።